የብልባላዋና የኩልመስኳ አዛለች

ስልኩ ሲጮህ ፈትለወርቅ ወንበሯን ገፍታ ተንደረደረች። ከጠዋት ጀምሮ የአዲስ አበባ መስመር ስትለምን ነው የቆየችው።

— ሄሎ… ሄሎ፣ የዓይን ሕክምናው ምዝገባ ክፍል ነው… አዎ እታገኘሁ፣ እኔው ነኝ… ተገኘ? እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ፣ አገናኝኝ… አልዘጋም፣ ኧረ አልዘጋም፣ እጠብቃለሁ።

እታገኘሁ የላሊበላ ቴሌፎን ቤት ሠራተኛ ናት። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ነው፤ ከላሊበላ አዲስ አበባ በስልክ መነጋገር በእታገኘሁ መልካም ፈቃድና በሽቦው ጤንነት ላይ የተንጠለጠለ ጉዳይ ነው። ፈትለወርቅ የስልኩን እጀታ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ በሌላው እጇ የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች ጠበቀች።

— ሄሎ… ሙሉሃብት? ትሰማኛለህ?… እኔማ እሰማሃለሁ፣ ጉድጓድ ውስጥ ሆነህ የምታወራ ነው የምትመስለው… ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ፣ ሰላም ነህ?… አዎ… አዎ፣ ቅዝቃዜው እንዳለ ነው… ስማ፣ ሰላምታውን በኋላ እንጨርሰዋለን። መስመሩ ሳይቆረጥ ችግሬን ልንገርህ። ያ ማሽንህ ጉድ ሠርቶኛል።

ሙሉሃብት አዲስ አበባ፣ ሕክምናውን በሚያካሂደው የእርዳታ ድርጅት ዋና ቢሮ ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። አምና ማሽኑን በአውሮፕላን አምጥቶ፣ በምዝገባ ክፍሉ ጓዳ ውስጥ ተክሎ፣ ፈትለወርቅን አሠልጥኖ የሄደው እሱ ነው። ፈትለወርቅ ከዚያ በፊት በመሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረችና ጣቶቿ ፈጣኖች ናቸው። ማሽኑን ግን እስከ ዛሬ እንደ ሰው ፈረስ ነው የምትይዘው። አቧራ እንዳይገባበት በአሮጌ ነጠላ ትሸፍነዋለች፤ ጄኔሬተሩ ሲነሳ ትገልጠዋለች፤ ያልተነገራትን ቁልፍ ነክታ አታውቅም።

— ምን ሆነ ነው የምትለኝ? ሐኪሙ መጥቷል፣ ታውቃለህ። አምና የአንድ ዓይናቸውን ሞራ ለገፈፈላቸው ሰዎች ዘንድሮ ሁለተኛውን ሊሠራላቸው… አዎ። እስከ እሁድ ብቻ ነው ያለው። እና የሚጠሩትን ሰዎች ስም ማሽኑ አወጣልኝ አይደል? የብልባላዎቹን ትናንት መኪናዋ ሄዳ አመጣች። ዛሬ ደግሞ ወደ ፍላቂት ልትወጣ ነው፤ እዚያ አድራ ነገ በኩልመስክ በኩል ትመለሳለች። ሾፌሩ የሻው ነዳጁን ሞልቶ ሞተሩን አስነስቶ ውጭ ቆሟል… እሺ፣ እየመጣሁ ነው ወደ ነገሩ። አንዲት እናት አሉ፣ እማማ አዛለች ደሞዝ የሚባሉ፣ የብልባላ ሰው። ማሽኑ አልጠራቸውም። ሳይጠሩ ነው የመጡት።

— ማሽኑ ምን ይላል መሰለህ? ሁለቱም ዓይናቸው ተሠርቷል ይላል… አልተሠራም። ሐኪሙ ራሱ ዛሬ አየልኝ። የግራው አምና ተሠራላቸው፣ ደህና አድርገውም ያዩበት ነበር። ክረምት ላይ ላም ሲያልቡ በጭራዋ ገርፋ ያንኑ የዳነውን ዓይን ጎዳችባቸው። የቀኙ ደግሞ በሞራ እንደተሸፈነ ነው። ሁለት ዓይኑ የዳነ ሰው እንደ እሳቸው የአህያ ጭራ ይዞ እየተመራ ይመጣል እንዴ?… እኔም እኮ እሱን ነው የምልህ።

— አይ፣ እሳቸውስ ተርፈዋል። ሐኪሙ ተቀብሏቸዋል፣ ከሰዓት በኋላ ይገባሉ። እዚሁ አጠገቤ ቁጭ ብለዋል። ከዚህ አልነሳም ብለዋል… ለምን? ስለ ሞክሼያቸው ነዋ።

እማማ አዛለች አግዳሚው ወንበር ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ስበው ተቀምጠዋል። ስማቸው ሲጠራ አገጫቸውን ቀና አደረጉ። አምና በሕሙማኑ ድንኳን ውስጥ ከእሳቸው አልጋ ቀጥሎ ተኝታ የነበረች የኩልመስክ ሴት ነበረች፤ እሷም አዛለች፣ የአባቷም ስም ደሞዝ። ነርሷ አዛለች ብላ ስትጣራ ሁለቱም አቤት ይላሉ። አንድ ቀን የአንዷ ጠብታ ለሌላዋ ተጨመረና ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ። የአንዷ ግራ ዓይን፣ የሌላዋ ቀኝ ዓይን ነበር የተሠራው። ፋሻው በተፈታ ዕለት ጎን ለጎን ቁጭ ብለው፣ ሁለታችን አንድ ላይ አንድ ሙሉ ሴት ይወጣናል እያሉ ሲቀልዱ ድንኳኑ ሁሉ ሰምቷቸዋል። ሲለያዩ በሚመጣው ዓመት አልጋችን እንደገና ጎን ለጎን ይሁን ተባብለው ነበር። ስለዚህ እማማ አዛለች ዘንድሮ ደርሰው መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ራሳቸው አልነበረም። ሞክሼዬ ገባች ወይ ብለው ነው የጠየቁት። ፈትለወርቅም ደስ ልታሰኛቸው ብላ ስሙን ማሽኑ ላይ ፈለገች። ፈልጋ ያገኘችው ግን አንዲት አዛለች ደሞዝን ብቻ ነው፤ ግራ ዓይን ተሠርቷል፣ ቀኝ ዓይን ተሠርቷል፣ የሚቀር የለም።

— ገባህ? የብልባላዋ ግራ ዓይን፣ የኩልመስኳ ቀኝ ዓይን። ማሽንህ ሁለቱን ሴቶች አንድ ሴት አደረጋቸውና፣ ድናለች አትጥሯት አለኝ… ሄሎ? አለህ?

— በምን ነው የተያያዙት?… ምንና ምኑ?… እንጃ፣ ገብቼ ልይ። ቆየኝ፣ ስልኩ ያለው ከዚህ ነው፣ ማሽኑ ደግሞ በበሩ ወዲያ ነው፣ ገመዱ አይደርስም። እማማ አዛለች፣ ይቺን ይያዙልኝ። እንዲህ… ጆሮዎ ላይ። ሰው አለበት። እንዳይዘጉት፣ አደራ።

እማማ አዛለች የስልኩን እጀታ ጫጩት እንደሚይዝ ሰው በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። ፈትለወርቅ ወዲያኛው ክፍል ገብታ ስክሪኑ ላይ ስታጎነብስ፣ አሮጊቷ በሽቦው ውስጥ ካለው ሰው ጋር ወግ እንደጀመሩ ይሰማታል። እንዴት ከረምክ አሉት፤ ከብቱ፣ እህሉ፣ ቤተሰቡ እንዴት እንደሆነ ጠየቁት፤ የማን ልጅ እንደሆነና አገሩ የት እንደሆነም አልቀራቸውም። ስትመለስ የሰውዬውን አገር አውቀው ጨርሰዋል።

— እግዜር ይስጥልኝ እማማ… ሄሎ፣ መጣሁ። የፍላቂት ልጅ ነህ እንዴ? ያን ያህል ጊዜ ስታሠለጥነኝ አዲስ አበባ ተወልደህ ያደግህ ነበር የሚመስለኝ… እሺ፣ አላልክም፣ እኔ ነኝ የገመትኩት። ስማ፣ አየሁት። ሁለት ፋይል ነው። አንዱ ላይ ሰዎቹ ናቸው፣ ሌላው ላይ የተሠራላቸው ሕክምና። ሁለቱ የተያያዙት በስም ነው።

— በስም መሆን አልነበረበትም?… ያያያዝከው አንተ ነህ እኮ… አዎ… አዎ፣ ልክ ነህ፣ ያኔ ግማሹ ሰው ገና ካርድ አልወጣለትም ነበር። ለጊዜው በስም ይሁን አልክ። አስታወስኩት። ለጊዜው የተባለው ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦ ኖሯል… አልወቅስህም፣ እኔም ረስቼዋለሁ።

— በካርድ ቁጥር… ገባኝ። በስም ሞክሼ አለ፣ በካርድ ቁጥር ግን ሞክሼ የለም። ታዲያ እንደሱ ብንቀይረው… ቆይ፣ ቆይ። ሙሉሃብት፣ እንዲህ የሆኑት አዛለቾች ብቻ አይደሉማ?

መልሱን ስትሰማ ፈትለወርቅ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ላስታ ውስጥ ስንት ሰው ከነአባቱ ስም ሞክሼ እንዳለው አሰበች። የየሻው ኪስ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ የሌሉ፣ ቤታቸው ቁጭ ብለው የመኪና ድምፅ የሚጠብቁ፣ ሳይጠሩ ሲቀሩ አይ ዕድሌ ብለው ዝም የሚሉ ሰዎች አሉ ማለት ነው። ሐኪሙ ከሄደ ደግሞ እንደገና ዓመት ነው። በመስኮቱ አንገቷን አወጣች።

— የሻው፣ ሞተሩን አጥፋው… አጥፋው ነው የምልህ፣ ያ ወረቀት ጎዶሎ ነው… አውቃለሁ መንገዱ እንደሚመሽብህ። ትንሽ ታገሠኝ… ሄሎ፣ አለሁ። ሾፌሩ ነው። ምን ላድርግ? ንገረኝ።

— መጀመሪያ ኮፒ… በዲስኬት፣ አለኝ፣ አንድ ባዶ አለኝ። ጊዜ የለንም እኮ ሙሉሃብት… እሺ። እሺ፣ አልከራከርህም፣ ኮፒ ላድርግ። እማማ፣ እንደገና ይያዙልኝ። ያጫውቱት።

ዲስኬቱን አስገብታ፣ ማሽኑ እያጉረመረመ እስኪገለብጠው ቆማ ጠበቀች። በዚያው ሰዓት በቀዶ ሕክምናው ክፍል መሣሪያ መቀቀያውን ስላበሩት ኃይሉ ወርዶ ስክሪኑ ተኮማተረ፣ እንደ እርጎ ተናጠና ተመልሶ ረጋ።

— ሄሎ፣ ኮፒው አለቀ። እሺ ቀጥል… የሕክምናው ፋይል ውስጥ… ባዶ መስመር? አዎ አለ፣ መጨረሻው ላይ ምንም ያልተጻፈበት አንድ መስመር አለ… እሱን መጀመሪያ ላጥፋው? እሺ። ዲ፣ ኢ፣ ኤል… አውቃታለሁ፣ እሷን አስተምረኸኛል። መጣሁ።

ይህን ጊዜ ነው የተሳሳተችው። አንዷን መስመር ብቻ ማጥፋት ሲገባት፣ ከልማድ ወይም ከጥድፊያ፣ አንዲት ትንሽ ቃል ጨመረችና ሁሉንም አጥፋ አለችው። ማሽኑም አልተከራከራትም። ከላይ እስከ ታች፣ በእያንዳንዱ ሰው ስም ፊት ለፊት አንዳንድ ኮከብ ተደረደረ። ፈትለወርቅ ኮከቡን አየችው። እየሮጠች ወደ ስልኩ ተመለሰች።

— ሙሉሃብት… ሙሉሃብት፣ አጠፋሁት… ሁሉንም። ሁሉንም ነው የምልህ፣ የሁሉም ሰው ስም ላይ ኮከብ ወጣበት… እግዚአብሔር ያሳይህ፣ ዓመት ሙሉ የጻፍኩት… ምን?… አትሳቅ። እኔ እዚህ ልሞት ነው፣ አንተ ትስቃለህ…

— ኮከብ ነው? አዎ ኮከብ ነው… ስሞቹ? ስሞቹ ይታያሉ፣ ኮከቡ ጎናቸው ነው… አልነካሁም። ከዚያ በኋላ ምንም አልነካሁም፣ ወደ አንተ ነው የሮጥኩት… አልጠፋም? ምልክት ብቻ ነው?… ጨርሶ የሚጥለው ሌላ ትእዛዝ ነው፣ እሱን አላዘዝኩትም። እርግጠኛ ነኝ፣ አላዘዝኩትም። ኡፍ… እንደገና በለኝ፣ ፊደል በፊደል። አር… ኢ… ሲ፣ ያቺ ጨረቃ የምትመስለው… ኤ… ኤል… ኤል። ከዚያ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ ሁሉንም የምትለው ቃል። እሱን ጽፌ ኢንተር… እማማ፣ ይያዙልኝ።

ፊደሎቹን እየቆጠረች እንደ ልጅ በአንድ ጣት ጻፈቻቸው። ኮከቦቹ እንደመጡ ተመለሱ። የሰዎቹ ስም ንጹሕ ሆኖ ቀረ። ስትመለስ እማማ አዛለች ሰውዬውን እያጽናኑት ነበር፤ ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ አብሽር ይሉታል።

— ተመለሰ… ተመልሷል፣ ሁሉም አለ። አንተ የነገርከኝን እኔ ሰምቼ ነው ያጠፋሁት፣ ስለዚህ ጥፋቱ የሁለታችን ነው… እሺ የኔ ነው። አንተ ግን ለምን ኮፒ እንዳስደረግኸኝ አሁን ገባኝ። ሁለተኛ አልከራከርህም… አይ፣ አሁን ደህና ነኝ። ቀጥል።

— አሁን በቁጥር እናያይዘው… እሺ… እሺ፣ ጻፍኩት፣ እጄ ላይ ነው የጻፍኩት፣ ወረቀቱ ወዲያ ነው። ሄጄ ልሞክር።

ሄደች። ትእዛዙን ሰጠች። ማሽኑ ትንሽ አሰበና ባዶ ስክሪን አሳያት። አንድም ሰው የለም።

— ሄሎ… አሁን ደግሞ ማንም የለም አለኝ… ማንም። ላስታ ሁሉ ድኗል፣ ወይም ላስታ ውስጥ ሰው የለም… አይደለም፣ ቁጥሮቹ አሉ፣ ሁለቱም ፋይል ላይ አሉ። ላነብልህ? እንዴት?… አንድ ሰው ከሁለቱም? እሺ፣ የእማማ አዛለችን አይቻለሁ። የሰዎቹ ፋይል ላይ ከቁጥሩ ፊት ቢ አለ፣ ብልባላ ማለት ነው። የሕክምናው ፋይል ላይ ግን ቁጥሩ ብቻ ነው፣ ቢ የለውም… አዎ። ነርሶቹ ናቸው ሲያስመዘግቡ ቁጥሩን ብቻ የሚነግሩኝ። እኔም እንዳለ ጻፍኩት… እና ለማሽኑ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ናቸው። እኛ ስናየው አንድ ነው፣ እሱ ሲያየው አይተዋወቁም።

— ቢውን አጥፍተን ቁጥሩን ብቻ… አይሆንም፣ አይሆንም፣ ቆይ። ብልባላም ኩልመስክም ቁጥሩ ከአንድ ነው የሚጀምረው። ቢውን ካጠፋን እንደገና ሞክሼ ልናደርጋቸው ነው… እኔው ነኝ ያሰብኩት፣ አንተ ምን ታመሰግነኛለህ… ቦታው? አለ፣ የሕክምናው ፋይል ላይ የመጡበት ቦታ ለብቻው ተጽፏል። ከቦታው ስም የመጀመሪያዋን ፊደል ወስዶ ከቁጥሩ ፊት ይቀጥልልን? እንደሱ ይችላል?… እንዴት ደስ ይላል። ንገረኝ፣ እጄ ላይ ቦታ አለ።

በዚህ መሀል መስመሩ ላይ ቀጭ የሚል ድምፅ ገባ። ፈትለወርቅ ፊቷን አኮማተረች።

— እታገኘሁ፣ አንቺ ነሽ?… አላለቅንም እኮ… ማ? ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት? ለምን ጉዳይ?… ስብሰባው ነገ አይደል፣ እመጣለሁ በያቸው፣ ፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ በያቸው። እባክሽ የኔ እህት፣ የሰው ዓይን ላይ ነን ያለነው። የአንቺም አያት እኮ… አዎ፣ እሳቸውን ነው የምልሽ፣ ብልባላ ያሉትን። ትንሽ ስጪኝ… እግዜር ይስጥሽ… ሄሎ፣ ሙሉሃብት? ተመለስኩ። ትንሽ ጊዜ ሰጥታናለች። መጣሁ።

የዚህን ጊዜ ስልኩን ለእማማ አዛለች ስትሰጥ ምንም ማለት አላስፈለጋትም፤ አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቁ ነበር። ፈትለወርቅ መዳፏ ላይ የጻፈችውን እያየች ትእዛዙን አስገባች። መጀመሪያ ፊደሎቹ ከቁጥሮቹ ፊት አንድ በአንድ ገቡ። ከዚያ ሁለቱ ፋይሎች በቁጥር ተያያዙ። ከዚያ፣ አንድ ዓይናቸው ተሠርቶ ሌላው የቀረባቸውን አውጣ አለችው። ስክሪኑ ላይ ስም መውረድ ጀመረ። ወረደ፣ ወረደ፣ አልቆም አለ። ፈትለወርቅ ብቻዋን በዚያ ክፍል ውስጥ እልል ልትል ቃጣትና አፏን በእጇ ያዘችው። ፕሪንተሩ እየተንቋቋ ወረቀቱን ሲተፋላት ቀድዳ ሮጠች።

— ሙሉሃብት! ወጣ… ወጣ ነው የምልህ። እማማ አዛለችም አሉ፣ ቀኝ ዓይን ይቀራል ይላል፣ ሐኪሙ ያየው እንደዛው ነው። ሞክሼያቸውም አሉ። አዛለች ደሞዝ፣ ኩልመስክ፣ ግራ ዓይን ይቀራል… እማማ፣ ሞክሼዎ ወጣች። እዚህ ጋ ናት፣ ጣትዎን ይስጡኝ… ይቺ የእርስዎ ናት፣ ይቺኛዋ ደግሞ የሷ።

እማማ አዛለች ወረቀቱን በጣታቸው ዳሰሱት። አንዷ ከላይ አንዷ ከታች መሆናቸውን ሲረዱ፣ አልጋቸው ጎን ለጎን መሆን እንዳለበት አሳሰቡ። ፈትለወርቅ ለነርሷ እነግራታለሁ ብላ ማለችላቸው።

— ሄሎ፣ አዎ፣ ምርቃት ላይ ናቸው፣ ለአንተ ነው። ልጅ ይውጣልህ ይላሉ… ስማ፣ የተጨመሩትን ብቻ ላንብብልህ፣ ከመኪናው ወረቀት ጋር እያስተያየሁ ነው። ከኩልመስክ፣ አዛለች፣ ብያለሁ… ትሁን ሙሉነህ… ወልደ ሩፋኤል ገብሬ። ብዙ ነው፣ ብዙ ሰው ነው የቀረው። ከፍላቂት፣ ወርቅአገኘሁ ተፈራ… አረጋ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ቀኝ ዓይን… ፈንታዬ… ሄሎ?… ሙሉሃብት፣ ትሰማኛለህ?

— ሄሎ… እታገኘሁ፣ ቆረጥሽው እንዴ?… አለህ? አለህ አይደል፣ ትንፋሽህ ይሰማኛል… እንደገና? የትኛውን?… አረጋ ወልደ ጊዮርጊስ። ፍላቂት። ግራው ተሠርቷል፣ ቀኙ ይቀራል… ከብልባላ አንድ ሞክሼ አላቸው፣ የሱ ቀኙ ነው የተሠራው። እንደ አዛለቾቹ ናቸው… ምን አልከኝ?… አባትህ?

ፈትለወርቅ አሁን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፤ ሽቦው ሲንጫጫ ቃሉን እያቋረጠ ይደግመዋል።

— እሺ… መስቀል ሰሞን… በሚኒባስ በመጣ ሰው ላኩብህ። ሌላኛው ዓይኔ ከብዶኛል፣ መቼ ነው የምጠራው ብለው… እና አንተ ማሽኑን አየህ። እዚያ ያለውን ኮፒ… ሁለቱም ተሠርቷል አለህ… አዎ… ኧረ አይዞህ… እና አባዬ፣ ሁለቱም ተሠርቶልዎታል፣ አሁን የያዘዎት እርጅና ነው ብለህ ላክባቸው…

— እሳቸውስ ምን አሉ?… ልጄ ካለማ ተሠርቶልኝ ይሆናል…

ሽማግሌው በገዛ ዓይናቸው ሳያዩበት፣ ልጃቸው ድነዋል ስላላቸው ዓይናቸውን ሲጠራጠሩ ለፈትለወርቅ ታያት። የሚያስቅም የሚያስለቅስም ሆነባት። ሳቋ ቀደመ፣ በአፍንጫዋ ወጣ።

— ይቅርታ፣ በአንተ አይደለም የምስቀው… አንተም ሳቅ፣ ምን ታደርጋለህ… አዎ፣ እንደዛ። ስማኝ አሁን። ሐኪሙ እስከ እሁድ አለ። መኪናዋ አልወጣችም፣ አሁን ነው የምትወጣው። ዛሬ ፍላቂት ታድራለች። አባትህን የሻው ራሱ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ይወስዳቸዋል፣ ከፊት ነው የሚያስቀምጣቸው። ቤታቸው የት ጋ ነው?… ከገበያው በላይ… ባሕር ዛፉን አልፎ… እሺ፣ እሺ፣ ይጠይቃል፣ አረጋ ወልደ ጊዮርጊስን የሚያጣ የለም… አይ አንተ፣ የብልባላውን ሞክሼያቸውን አይወስድብህም፣ ፍላቂት እኮ ነው የሚሄደው፤ ከብልባላ የቀሩትን መኪናዋ ስትመለስ እናመጣቸዋለን።

— እሳቸው ግን እምቢ ቢሉስ? ልጄ ድነሃል ብሎኛል፣ የምን ሕክምና ነው ቢሉ?… እውነቴን ነው፣ ቢሉስ?… ታዲያ አንተ የምትልክባቸው ቃል ንገረኝ፣ የሻው ያደርሰዋል። ልክ አንተ እንዳልከው ነው የሚነግራቸው… እሺ፣ ቀስ ብለህ አስብ… አለሁ። እሰማሃለሁ… አባዬ በሉልኝ… እሺ… አባዬ በሉልኝ፣ ከዚያስ?… ሄሎ? ሙሉሃብት፣ ምን ልበላቸው?… ሄሎ?… ሄሎ?

መስመሩ ሄዷል። እጀታው ውስጥ የሚሰማው እንደ ንፋስ ያለ ባዶ ድምፅ ብቻ ነው። ተመልሶ ይመጣ እንደሆነ ብላ ፈትለወርቅ ትንሽ ጠበቀችና እጀታውን ቦታው ላይ አኖረችው። እማማ አዛለች ልጁ ምን ሆነ አሏት። ደህና ነው፣ ስልኩ ነው አለቻቸው።

አዲሱን ወረቀት ይዛ ወጣች። የሻው ሞተሩን አስነስቶ ክንዱን በመስኮቱ አውጥቷል። ወረቀቱን ተቀብሎ ዐይኑን ወደ ታች አወረደና ሰው እንዴት በዛ በሚል ዓይን አያት። ፍላቂት ከሚለው ሥር ያለውን ስም በጣቷ አሳየችው።

— እኚህን ሰውዬ ከቤታቸው ድረስ ሄደህ አምጣልኝ፣ ከፊት አስቀምጣቸው። ድኛለሁ፣ ልጄ ድነሃል ብሎኛል ሊሉህ ይችላሉ… አዎ፣ ይላሉ። ከልጅዎ ነው የመጣሁት በላቸው። "ልጅዎ አምኖዎታል" በላቸው።